ማጥለያ ያለው የብርጭቆ ጆግ፦ የፍራፍሬ ቃና ላለው ቀዝቃዛ ሻይ የአራት ወራት ፍተሻ

ላለፉት አራት ወራት፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ የፍራፍሬ ቃና ያለው ቀዝቃዛ ሻይ ያዘጋጀሁት በአንድ ዕቃ ነው። ዕቃው አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ የብርጭቆ ጆግ ሲሆን፣ ከክዳኑ ሥር የሚንጠለጠል፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ረጅም ማጥለያ አለው። ማጥለያው እንደ ቀጭን ቱቦ ወደ ጆጉ መሐል ይወርድና ከወለሉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ዙሪያውን በደቃቅ ቀዳዳዎች የተበሳ ስለሆነ ውሃው እንደ ልብ ይገባል፣ ይወጣል፤ የተጨመረበት ነገር ግን እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጆግ ልዩ ልዩ አምራቾች በየስማቸው ያወጡታል፤ አሠራሩ እምብዛም ስለማይለያይ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ዕቃው ዓይነት እንጂ ስለ አንድ አምራች እንዳልሆነ ከወዲሁ መግለጽ እፈልጋለሁ።

ፍርዴን ላስቀድም። ጆጉ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ ለሚያድር ሻይ እጅግ ጥሩ ዕቃ ነው፤ በፈላ ውሃ ተዘጋጅቶ በበረዶ ለሚቀዘቅዝ ሻይ ግን ከተራ ማንቆርቆሪያና ወንፊት የበለጠ ነገር አልሰጠኝም። ማሸጊያው ላይ ያለው ሥዕል እንጆሪና ብርቱካን ማጥለያው ውስጥ ታጭቀው፣ ጆጉም ቀይ መጠጥ ሞልቶበት ያሳያል። እኔ ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ የደረስኩበት አሠራር የዚህ ግልባጭ ነው፤ ማጥለያው ለሻይ ቅጠሉ፣ ሰፊው የጆጉ ሆድ ለፍራፍሬው ይሁን እላለሁ። ቅጠሉና ፍራፍሬው ከውሃው ጋር መቆየት ያለባቸው ጊዜ የተለያየ ነው፤ ቅጠሉ ሰዓቱን ጠብቆ መውጣት አለበት፣ ፍራፍሬው ደግሞ የሚንሳፈፍበት ቦታ ይፈልጋል። ክዳኑን ከፍቶ ቅጠሉን ብቻ መዝዞ ማውጣት መቻሉ የዚህ ዕቃ ትልቁ ዋጋ ሲሆን፣ ጆጉን የምመዝነውም በዚሁ ነው።

ስለ ብርጭቆው ልጀምር፤ በዚህ በኩል ዋጋ የከፈልኩበት ልምድ አለኝ። ከአሁኑ በፊት የነበረኝ ጆግ «ሙቀት ይችላል» ተብሎ የተሸጠልኝ ነበር። አንድ ቀን ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ገና ላብ ላብ እያለው፣ አዲስ የፈላ ሻይ ጨመርኩበት። ጧ የሚል አጭር ድምፅ ተሰማና ከሥሩ እስከ ወገቡ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ወጣበት፤ ሻዩም ጠረጴዛውን አጥለቅልቆ ወለሉ ላይ ወረደ። ብርጭቆ የሚሰነጠቀው ሞቃት ነገር ስለነካው ብቻ አይደለም፤ ውስጠኛው ፊት በድንገት ሞቆ ሲለጠጥ ውጪኛው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚቀር፣ ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚጓተቱ ነው። ቦሮሲሊኬት የሚባለው የብርጭቆ ዓይነት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ኦቶ ሾት ያበለጸገው፣ ሲሞቅ የሚለጠጠው ከተራው ብርጭቆ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ለውጥ በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። ስለዚህ ገዢው «ሙቀት ይችላል» የሚለውን ጥቅል ቃል አልፎ፣ ቦሮሲሊኬት የሚለው ቃል ማሸጊያው ላይ መጻፉን፣ እንዲሁም ብርጭቆው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ዲግሪ ልዩነት እንደሚችል መገለጹን ቢያይ መልካም ነው። የአሁኑ ጆጌ ሁለቱም ተጽፎበታል። እንደዚያም ሆኖ ከፍሪጅ ባወጣሁት ጆግ ላይ የፈላ ውሃ ዳግመኛ አላፈስም፤ ቦሮሲሊኬትም ቢሆን የተጫረ ወይም ጠርዙ የተሸረፈ ከሆነ ዋስትና የለውም።

አሁን ወደ ማጥለያው እንምጣ። የቀዳዳዎቹ ደቃቅነት ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ ብርሃን ላይ ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይመስላል። ሙሉ ቅጠል ያለው ሻይ አንዲት ብናኝ እንኳ አያልፍበትም። የተፈጨ፣ ዱቄት መሰል የሻይ ቅጠል ሲሆን ግን ሁለት ነገር ይደርሳል፤ ደቃቁ አልፎ ጆጉ ሥር ይዘቅጣል፣ የቀረው ደግሞ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ውሃው መዘዋወሩን ያቆማል። በእንዲህ ያለ ቀን ማጥለያው ውስጥ ያለው ሻይ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ ዙሪያው ያለው ውሃ ገና ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። መፍትሔው ሻካራ፣ ሙሉ ቅጠል መምረጥና ማጥለያውን ከግማሽ በላይ አለመሙላት ነው፤ ደረቅ ቅጠል ውሃ ሲጠጣ በእጅጉ ያብጣል፤ የሚዘረጋበት ቦታ ካጣ ውስጡ ያለውን ሁሉ አይሰጥም።

ሻዩን እንዲህ አዘጋጃለሁ። ለአንድ ሊትር ከሩብ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ 12 ግራም የጥቁር ሻይ ቅጠል፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ማጥለያው ውስጥ አደርጋለሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት ክዳኑን ገጥሜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ጠዋት፣ ከስምንት ሰዓት ያህል በኋላ፣ ማጥለያውን መዝዤ አወጣለሁ። አረንጓዴ ሻይ ከሆነ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃዋል። ማጥለያው ከውሃው በሚወጣበት ቅጽበት መጨረሻ ላይ የሚንጠባጠበው ሻይ ከቀረው ይልቅ ጠቆር ይላል፤ ያንን ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ወደ ጆጉ መመለስ፣ ከዚያም በእንጨት ማንኪያ ቀስ አድርጎ አንድ ጊዜ ማማሰል ያስፈልጋል። ቅጠሉን መጭመቅ ግን አይገባም፤ የተጨመቀ ቅጠል ምላስ የሚያደርቀውን ክፍል ነው የሚለቅቀው።

ቀዝቃዛ ውሃ ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ለምን እንደሆነ ማወቅ ጆጉን በአግባቡ ለመጠቀም ይረዳል። ሙቅ ውሃ መዓዛውንም፣ ጣፋጭነት የሚሰጡትን አሚኖ አሲዶችም፣ ካፌይኑንም፣ ምላስ የሚያደርቁትን ፖሊፌኖሎችም በአንድነትና በፍጥነት ያወጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ግን መራራና አድራቂ የሆኑት ክፍሎች በዝግታና በአነስተኛ መጠን ነው የሚወጡት፤ ጣፋጩና መዓዛው በአንጻሩ ጎልቶ ይቀራል። ውጤቱ ለስላሳ፣ ስኳር ሳይነካው እንኳ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ሻይ ነው፤ የፍራፍሬው ቃናም የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው፤ በፈላ ውሃ ጠቁሮ የወጣ ሻይ ውስጥ የኮክን ወይም የእንጆሪን ስስ መዓዛ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

የሙቅ ውሃውን ዘዴም በቅንነት ሞክሬዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ስምንት ሰዓት መጠበቅ አይቻልምና። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ጠንካራ ሻይ በትንሽ ውሃ ይዘጋጅና በብዙ በረዶ ላይ ይፈስሳል። ስሌቱን ሠርቼ አይቻለሁ። አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ጁል ሙቀት ይወስዳል፤ አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ደግሞ 4.18 ጁል መውጣት አለበት። በዚህ መሠረት 80 ዲግሪ ላይ ያለን ግማሽ ሊትር ሻይ ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ 440 ግራም ገደማ በረዶ ይቀልጣል፤ ማለትም ሻዩ በእጥፍ ሊቀጥን ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ለግማሽ ሊትር ውሃ 10 ግራም ቅጠል፣ በሙቁ ለሚጠጣ ሻይ ከሚደረገው እጥፍ፣ መጨመርና ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ሻይ በበረዶ የመጠጣት ልማድ እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ በሰፊው እንደታወቀ ይነገራል፤ አሠራሩ ግን ከዚያ በፊት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወጡ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት ውስጥ ታትሞ ነበር።

ጆጉ የሚያንሰው ግን እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አንድ ሊትር ተኩል የሚይዘውን ጆግ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሞላል፤ ማጥለያው ደግሞ ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ የሚጠልቀው ጫፉ ብቻ ነው። ቅጠሉ ከጫፉ አልፎ ወደ ላይ ከተቆለለ የላይኛው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ውሃውን ብጨምር በረዶው ቦታ ያጣል፤ በረዶውን ብቀንስ ሻዩ ለብ እንዳለ ይቀራል። ከዚህም በላይ ማጥለያው የጆጉን መሐል ስለሚይዝ በረዶው በጎን በኩል መጠቅጠቅ አለበት፤ በሞቃት ብርጭቆ ላይ በረዶ መጠቅጠቅ ደግሞ፣ ከላይ የነገርኩትን ላየ ሰው፣ ልብ የሚያረጋጋ ሥራ አይደለም። ሙቁን ሻይ በማንቆርቆሪያ አዘጋጅቶ፣ ጥቂት አብርዶ፣ በወንፊት እያጠለሉ በረዶ ወዳለበት ሌላ ዕቃ ማፍሰስ በሁሉም ረገድ ይሻላል። አምራቹ ማጥለያውን እስከ ወለሉ ቢያስረዝመው ኖሮ ከዚህ ቅሬታዬ ግማሹ ባልኖረ ነበር።

ከሙቅ ውሃው ዘዴ ጋር የሚመጣ ሌላም ነገር አለ፤ ሻዩ ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል። ይህ የቆሸሸ ዕቃ ወይም የተበላሸ ሻይ ምልክት አይደለም። ሻዩ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ካፌይኑና ቀለም ሰጪዎቹ ፖሊፌኖሎች እርስ በርስ ተያይዘው ከውሃው ውስጥ በደቃቁ ይለያሉ፤ ሻዩ በጠነከረ መጠንም ድፍርሱ ይብሳል። መልሶ ቢሞቅ ይጠራል፤ አንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ መጨመርም ብዙ ጊዜ ያጠራዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ያደረው ሻይ ግን እነዚህን ክፍሎች በብዛት ስላልያዘ፣ በአራቱ ወራት ውስጥ የደፈረሰብኝ አንድም ቀን አላስታውስም። በብርጭቆ ጆግ ለሚቀርብ መጠጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጥርት ያለ ሻይ ውስጥ የሎሚ ልጣጭ ሲንሳፈፍ ማየት ከጣዕሙ እኩል ደስ ያሰኛል።

ፍራፍሬውን በተመለከተ ብዙ ተሳስቼ ብዙ ተምሬያለሁ። መጀመሪያ በማሸጊያው ሥዕል መሠረት ማጥለያውን በእንጆሪ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት መዝዤ ሳወጣው እንጆሪዎቹ ቀለማቸውን ሁሉ ሰጥተው ነጣ ብለው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ እንደ ረጠበ ጥጥ ሆነው ነበር፤ ውሃው ግን ማጥለያው አካባቢ ብቻ ቀልቶ፣ ጣዕሙ የእንጆሪ ሳይሆን የደከመ ጎምዛዛ ነገር ነበር። በጠባብ ቱቦ ውስጥ የታጨቀ ፍራፍሬ ከውሃው ጋር የሚገናኘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ መሐል ያለው በራሱ ጭማቂ ውስጥ እየለሰለሰ ይቆያል። በማግስቱ 150 ግራም እንጆሪ ለሁለት ለሁለት ከፍዬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነስንሼበት ግማሽ ሰዓት አቆየሁት፤ ስኳሩ የፍሬውን ውሃ ስለሚስብ ሳህኑ ሥር ደማቅ ቀይ ጭማቂ ተጠራቀመ። ይህንን ከነጭማቂው ቅጠሉ ከወጣ በኋላ ጆጉ ውስጥ በቀጥታ ጨመርኩት። በሁለት ሰዓት ውስጥ የተገኘው ቃና ካለፈው ሌሊት ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ፍራፍሬዎችን በጠባያቸው እለያቸዋለሁ። ጠንካሮቹ፣ እንደ ፖምና አናናስ ያሉት፣ ቃናቸውን የሚሰጡት በዝግታ ስለሆነ ማታውኑ በስሱ ተከትፈው ከቅጠሉ ጋር ማደር ይችላሉ። ለስላሶቹ፣ እንጆሪና ኮክ፣ ጠዋት ቅጠሉ ከወጣ በኋላ ይገባሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓትም ይበቃቸዋል። የተቆረጠ ኮክ አየር ሲያገኘው ስለሚጠቁር የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግ ቀለሙን ያቆይለታል። ማንጎ ብቻውን ሌላ ጉዳይ ነው። የበሰለ ማንጎ ጆጉ ውስጥ ሲለቀቅ ይፈራርስና ሻዩን ያወፍረዋል፤ ማጥለያው ታጥቦ ለፍራፍሬ የሚውልበት አንዱ ጥሩ አጋጣሚ ይህ ነው፤ በትንሹ ተከትፎ፣ ሳይታጨቅ፣ ማጥለያው ውስጥ ለሁለት ሰዓት ሲቆይ መዓዛውን ይሰጣል፣ ቃጫው ግን ብርጭቆው ውስጥ አይገባም። የናና ቅጠልና የተቀጠቀጠ ዝንጅብልም እንዲሁ በማጥለያው ቢሆኑ ይመረጣል፤ ናና ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ የሣር ጣዕም ያመጣል።

ሎሚና ብርቱካን ጥንቃቄ ይሻሉ። ክብ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ሎሚ ከነልጣጩ ሲያድር ሻዩ ይመርራል፤ ምሬቱ የሚመጣው በዋናነት ከልጣጩ ሥር ካለው ነጭ ክፍልና ከውስጡ ዘር ነው። ጥሩው መዓዛ ያለው ደግሞ በውጪኛው ባለቀለም ልጣጭ ዘይት ውስጥ ነው። ስለዚህ በስለታም ቢላ ነጩን ሳይነኩ ሁለት ሦስት ስስ የልጣጭ ክሮች አንስቶ ማታ መጨመር፣ ጭማቂውን ግን ጠዋት ማከል ሁለቱንም ያስታርቃል። ጭማቂው ሲነካው ጥቁሩ ሻይ ዓይን እያየ ከጠቆረ ቡናማ ወደ ማር ቀለም ይፈካል፤ የሻዩ ቀለም ሰጪዎች አሲድ ሲያገኛቸው ስለሚለወጡ ነው። ሻዩ ቀጥኖ የመሰላቸው እንግዶች ነበሩ፤ ጥንካሬው ግን አልተነካም።

በረዶን በሚመለከት፣ ሻዩ አንድ ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ በኋላ በረዶ የሚያስፈልገው ለመጨረሻው ቅዝቃዜ ብቻ ነው። በበረዶ ፈንታ አስቀድሞ የቀዘቀዘ ፍራፍሬ እጠቀማለሁ። ፍራፍሬ ፍሪዘር ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ተለውጦ የፍሬውን ሕዋሳት ይሰነጥቃል፤ ሲቀልጥ ጭማቂውን በፍጥነት የሚለቅቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የበረዶ ፍራፍሬ ሻዩን ሳያቀጥን ያቀዘቅዛል፣ ቃናውንም ከትኩሱ ቀድሞ ይሰጣል። ለመብላት ግን ልስልስ ስለሚል፣ ለዓይን የሚሆን ጥቂት ትኩስ ቁራጭ በየብርጭቆው ላይ ማከል ይቻላል።

ማጣፈጫው ቀላል ጉዳይ ነው። ስኳር በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በዝግታ ስለሚሟሟ ሥር ይዘቅጣል፤ እኩል መጠን ስኳርና ውሃ አንድ ላይ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አሙቆ፣ አብርዶ፣ በጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ማኖር ይበቃል። ቅዝቃዜ የጣፋጭነትን ስሜት ስለሚያደበዝዝ ልኩ መቀመስ ያለበት ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ለጆጉ በሙሉ ከማጣፈጥ ይልቅ በየብርጭቆው ማድረግን እመርጣለሁ፤ ሁሉም የየራሱን ልክ ያገኛል።

ከጣዕም በላይ የሆነ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ከጆጉ ጋር የመጣችው ትንሽ ወረቀት ሻዩን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ማዘጋጀትን እንደ አንድ ዘዴ ትጠቅሳለች። ይህንን አልመክርም። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከ54 ዲግሪ አይበልጥም፤ ባክቴሪያ የሚራባበት የሙቀት ክልል ደግሞ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ነው፤ ቅጠሉም ፍራፍሬውም በዚህ ክልል ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣሉ ማለት ነው። ቀዝቃዛው ዘዴ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ጆግም መልሶ ፍሪጅ ቢገባ አይታመንም። ፍራፍሬው ከመቆረጡ በፊት በሚገባ ይታጠብ፤ ልጣጩ የሚጨመር ከሆነ ደግሞ ይፈተግ። እንደ ከርከዴ ያሉ የደረቁ ዕፅዋትን አምራቾቻቸው በፈላ ውሃ እንዲዘጋጁ ስለሚያዝዙ፣ እነርሱን በሙቅ አዘጋጅቼ ከበረዱ በኋላ ነው ወደ ጆጉ የምገለብጣቸው። ፍራፍሬው ከወጣለት ሻዩን በሁለት ቀን ውስጥ እጨርሳለሁ።

የዕለት ተዕለት አጠቃቀሙ በአብዛኛው ያስደስታል። ጆጉ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በፍሪጄ በር መደርደሪያ ላይ በቀላሉ ይቆማል፤ አንገቱ ሰፊ በመሆኑ እጅ ገብቶ እስከ ወለሉ ያጥባል። ክዳኑን በአንድ በኩል ሲያዞሩት ይዘጋል፣ በሌላ በኩል ሲያዞሩት የማፍሰሻው አፍ ይገጥማል፤ በአፉ ላይ ያሉት ጥርሶች ፍራፍሬውንና በረዶውን ያስቀራሉ። ችግሩ ጆጉ ሙሉ ሲሆን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብርጭቆዎች ሲቀዱ አንድ ቀጭን የሻይ መስመር ከአፉ ወደ አንገቱ ይመለስና እጀታው ድረስ ይወርዳል። ፈጠን አድርጎ ማዘንበል ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ፎጣ ሳልይዝ አልቀዳም።

የማጥለያው አጠባብ ትንሽ ዘዴ አለው። እርጥብ ቅጠል ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በቀላሉ አይወጣም፤ ተዘቅዝቆ ጥቂት ሰዓት ከተተወ ግን ደርቆ በአንድ መታ መታ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ ረጅም የጠርሙስ ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ብሩሹ ከዕቃው ጋር አይመጣም። ብረቱ ላይ በሳምንታት ውስጥ የሚታየውን ቡናማ የሻይ እድፍ በጥቂት ውሃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ሳይፍቀው ያስለቅቀዋል፤ ሻካራ የብረት መፈግፈጊያ ግን ብርጭቆውን ስለሚጭር አይንካው።

አሳሳቢው የክዳኑ ጎማ ነው። ክዳኑ እንዳያንጠባጥብ ዙሪያውን የገባው የሲሊኮን ጎማ ሽታ ይይዛል። ከሁለት ተከታታይ የዝንጅብል ቀናት በኋላ ያዘጋጀሁት የኮክ ሻይ ከብርጭቆው ይልቅ ከክዳኑ የሚመጣ የዝንጅብል ሽታ ነበረው። ጎማውን በጥፍር ሳይሆን በማንኪያ እጀታ ቀስ አድርጎ ከቦታው አውጥቶ፣ ውሃ በተቀላቀለበት ኮምጣጤ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፎ፣ በደንብ አድርቆ መመለስ ሽታውን አጥፍቶታል። ሥሩ ባለው ጎድጎድ ውስጥ ግን ከቆየ ሻይ የተጠራቀመ ጥቁር ነገር አገኘሁ፤ ጎማው ሳይወጣ የሚታጠብ ክዳን ንጹሕ ነው ብሎ ማመን እንደማይቻል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን በየሳምንቱ አወጣዋለሁ።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ሲነጻጸር፣ ማንኛውም ንጹሕ ባለክዳን የብርጭቆ ማሰሮና አንድ ጥሩ ወንፊት ተመሳሳይ ሻይ ያወጣሉ፤ ልዩነቱ ጠዋት ሁሉንም ወደ ሌላ ዕቃ እያጠለሉ መገልበጥ ማስፈለጉ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ሸክም አይደለምና አዲስ ዕቃ እንዲገዛ አላበረታታም። ለቡና የሚውለው ፍሬንች ፕሬስም ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ቅጠሉ ከመጫኛው ሥር ሆኖ ከውሃው ጋር እንደተገናኘ ስለሚቀር ሻዩ ወዲያው ካልተገለበጠ መምረሩን ይቀጥላል። በየዕለቱ ወይም በየሁለት ቀኑ ለሚጠጣ ቤተሰብ ግን ቅጠሉን በአንድ እንቅስቃሴ አውጥቶ በዚያው ዕቃ ፍራፍሬ ጨምሮ በዚያው ማቅረብ የሚያድነው ጊዜ ብዙ ነው፤ እኔም ዕቃውን ከአራት ወር በኋላ መደርደሪያ ላይ ያልጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለሚገዛ ሰው የምለው ይህንን ነው። አንድ ሊትር የሚይዘውን ትቶ አንድ ሊትር ተኩሉን ይውሰድ፤ ማጥለያውና ፍራፍሬው የሚይዙት ቦታ ከተቀነሰ በኋላ ከትንሹ የሚተርፈው ሦስት ብርጭቆ ብቻ ነው። ማጥለያው ወደ ወለሉ ምን ያህል እንደሚቀርብ በዓይኑ ይለካ፤ ሁለት ጣት ይበዛል፣ አንድ ጣት መልካም ነው። ክዳኑን ከፍቶ ጎማው ተነቅሎ መውጣት መቻሉን፣ መለዋወጫውም ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ይጠይቅ። የእኔው ጎማ በአራተኛው ወር ላይ በአንድ ጎኑ መላላት ጀምሯል፤ አምራቹ መለዋወጫውን ለብቻው ስለማይሸጥ፣ ብርጭቆውም ማጥለያውም እንደ አዲስ ሳሉ፣ ጆጉን ዘንበል አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ ማስተኛት አልችልም።